አልሙኒየም ቀለም አይደለም



በዛሬው ዝግጅታችን ስለ ወረቀት አውሮፕላን ሥራ፣ በተለይም ቀለም ያልተቀባ የአውሮፕላን ገላ በወረቀት ላይ እንዴት ብረት መስሎ ሊታይ እንደሚችል እንጨዋወታለን። ወደ ዋናው ነገር ከመግባታችን በፊት ግን አንድ ጥፋታችንን ማመን ይኖርብናል። ያጠፋነው በምክር ነው። ምክሩን የሰጠነው እኛ ስንሆን ዋጋውን የከፈለው ግን አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪያችን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ተማሪ ለሁለት ወራት ያህል የዕረፍት ቀኖቹን ሁሉ ሰጥቶ ከወፍራም ወረቀት ዲሲ 3 የተባለችውን ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ሠራ። ሌላ ሳይሆን እሷን የመረጠው በምክንያት ነው። አያቱ በወጣትነታቸው በአውሮፕላን ጥገና ላይ የሠሩ የቆርቆሮ ባለሙያ ነበሩ። ዛሬ ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፏል፤ ዓይናቸውም እየደከመ ነው። ልጁም ብርሃናቸው ጨርሶ ሳይደክም ያችን የሚያውቋትን አውሮፕላን ሊያሳያቸው ፈለገ።

ቅርጿን ከጨረሰ በኋላ ነጭ ወረቀት እንደሆነች ወደ እኛ አመጣትና "ኡስታዝ፣ ብረት እንድትመስል ምን ልቀባት?" ሲል ጠየቀን። እኛም ብዙ ሳናስብ "ምን ችግር አለው? ለግቢ በር የሚቀባውን ሲልቨር ቀለም ግዛና ሁለት ጊዜ ቀባት" አልነው። ልጁ መምህሩን አምኖ የተባለውን አደረገ። በማግሥቱ ክንፏ እንደ ረጠበ ደብተር ተንሻፈፈ። መጋጠሚያዎቿ ተለይተው ወጡ። ገላዋም አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስል ሻከረ።

አያትየው በእጃቸው ዳሰሷት፤ ወደ መስኮቱ አዙረውም አዩዋት። ከዚያም "ልጄ፣ ቅርጿን አውቄዋለሁ፣ ዳግላስ ናት። ገላዋ ግን የግቢ በር ነው" አሉት። የተናገሩት በቀልድ ነበር። ልጁ ግን አውሮፕላኗን አልጋ ሥር ወርውሮ ከዚያ ወዲያ ምላጭና ወረቀት አልነካም።

ይህን ስንሰማ ይቅርታ ልንጠይቅ ወደ ቤታቸው ሄድን፤ ይቅርታውን አግኝተን፣ ትምህርት ጨምረን ተመለስን። ሽማግሌው ሻይ ካስቀረቡልን በኋላ "ኡስታዝ፣ አይዘኑ። ሰው ሁሉ አልሙኒየምን ቀለም ይመስለዋል። አልሙኒየም ቀለም አይደለም፤ መስታወት ነው። ደህና መስታወት አይሁን እንጂ መስታወት ነው" አሉን። የዛሬው ጽሑፋችን ከዚያ ቀን ጨዋታና በኋላ ከልጁ ጋር ካደረግናቸው ሙከራዎች የተገኘ ነው።

ለመሆኑ ቀለም ያልለበሰ አውሮፕላን ምን ይመስላል?

አንድን ነገር አስመስሎ ለመሥራት በቅድሚያ ነገሩን ማወቅ ግድ ይላል። ዲሲ 3 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረችው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 17 ቀን 1935 ነው። ለጦር ሠራዊት የተሠራችው እህቷ ሲ 47 ትባላለች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሠራዊቱ ያልፈለጋቸው ሲ 47 አውሮፕላኖች ለሽያጭ ስለቀረቡ ብዙ አየር መንገዶች ሥራ የጀመሩት በእነርሱ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ፣ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በዚህችው አውሮፕላን ነው።

ገላዋ የተሠራው ከአልሙኒየም ቅይጥ ነው። ንጹሕ አልሙኒየም አየርና እርጥበት በቀላሉ አይበሉትም፤ ነገር ግን ለስላሳ ነው። መዳብና ሌሎች ማዕድናት ሲቀላቀሉበት ይጠነክራል፤ በአንጻሩ ደግሞ ለመበላት ይጋለጣል። ባለሙያዎች መላ ፈለጉለት። ጠንካራውን ቅይጥ መሐል አድርገው ከላይና ከታች ስስ ንጹሕ አልሙኒየም አለበሱት። ይህ ሉህ አልክላድ ይባላል። አውሮፕላን ያለ ቀለም ፀሐይና ዝናብ ላይ መዋል የቻለው በዚህ ዘዴ ነው። ቀለም ደግሞ ራሱን የቻለ ክብደት አለው፤ ጊዜና ገንዘብም ይፈጃል። የአሜሪካ ጦር አየር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1943 መጨረሻ ገደማ አብዛኞቹን አዳዲስ አውሮፕላኖቹን የመደበቂያ ቀለም መቀባት የተወው በዚህ ምክንያት ነበር።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንምጣ። የዚህች አውሮፕላን ገላ አንድ ወጥ አይደለም። ብዙ ሉሆች ጎን ለጎን ተበስተው የተያያዙበት ነው። አንዱ ሉህ ሲዳመጥ የቀረበት ስስ ጭረት ወደ ጎን ይሄዳል፤ የሌላው ወደ ላይ። አንዱ አርጅቶ ደብዝዟል፤ ሌላው ባለፈው ወር ተቀይሮ ያብለጨልጫል። በየሰፈራችን መሐሉ ላይ አንድ ሉህ ብቻ የተቀየረለትን የቆርቆሮ ጣሪያ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። የጣሪያው ቆርቆሮ ሌላ ብረት ቢሆንም የብርሃኑ ጨዋታ አንድ ነው። ራመድ ብለው በሌላ በኩል ሲያዩት ደብዛዛው ይበራል፤ ብሩሁ ይጠቁራል። ሽማግሌው "መስታወት ነው" ያሉት ይህንን ነው።

ሌላም አለ። የዲሲ 3 ገላ በሙሉ ብረት አይደለም። በክንፎቿ ጫፍ በኩል ያሉት ማዘንበያዎች፣ በጭራዋ ላይ ያሉት ከፍና ዝቅ ማድረጊያዎችና የኋላ መሪዋ በሸራ የተለበዱ ናቸው። ሸራው እንዲወጠርና ውሃ እንዳያስገባ የአልሙኒየም ብናኝ ያለበት ቀለም ይቀባል። ስለዚህ እነዚህ ክፍሎች ብርማ ቢሆኑም አያንጸባርቁም። ይህን ልዩነት ያላሳየ ሞዴል የቱንም ያህል ቢያምር ባለሙያ ዓይን ውስጥ አይገባም።

የእኛ ቀለም ለምን ከዳን?

ሲልቨር ቀለም ማለት ቫርኒሽ ውስጥ የተበተነ የአልሙኒየም ብናኝ ነው። ብናኞቹ እያንዳንዳቸው ወደየራሳቸው ስለሚያበሩ ብርሃኑ ይበታተናል። በትልቅ የግቢ በር ላይ ይህ አያስታውቅም። ልጁ የሠራት ሞዴል ግን ከእውነተኛዋ 50 ጊዜ ያነሰች ናት። የእውነተኛዋ ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 29 ሜትር ያህል ሲሆን የሞዴሏ 58 ሴንቲሜትር ነው። ታዲያ 0.05 ሚሊሜትር የምታህል ብናኝ በዚህች ሞዴል ላይ ስትታይ በእውነተኛዋ ላይ እንዳለች 2.5 ሚሊሜትር እህል ትቆጠራለች። "አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል" ያልነው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ሁለተኛው ጥፋት የባሰ ነው። ወረቀት ፈሳሽ ይጠጣል። በአንድ በኩል ብቻ ሲጠጣና ሲደርቅ ይኮማተራል፤ የወረቀቱ ጭረትም ይነሣል። እኛ "ቀለሙ የወረቀቱን ጉድ ይሸፍነዋል" ብለን ነበር ያሰብነው። የሚያበራ ነገር ግን ጉድ አይሸፍንም፤ ያወጣል። ነጭ ወረቀት ላይ የማይታይ የኮላ እብጠት ብርማ ገላ ላይ እንደ ተራራ ይታያል። ከዚህ ሥራ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ፦ ብረት ለማስመሰል የሚደረገው ጥረት አብዛኛው የሚያልቀው ብርማው ነገር ሳይነካ በፊት ነው።

በደቃቁ የተፈጨ የአልሙኒየም ቀለምና መንፊያ መሣሪያ ያለው ሰው በደንብ በተለሰነና አንጸባራቂ ጥቁር በተቀባ ወረቀት ላይ በስሱ ነፍቶ ጥሩ ውጤት ሊያገኝ ይችላል። ለአብዛኞቻችን ግን መፍትሔው በየማዕድ ቤታችን አለ። እሱም የምግብ መጠቅለያ ፎይል ነው። ፎይል አልሙኒየምን የሚመስል ነገር ሳይሆን ራሱ አልሙኒየም ነው።

ይህን ለሽማግሌው ስንነግራቸው ሒሳብ ሠሩ። የአውሮፕላኗ የገላ ሉህ በአብዛኛው ከ1 ሚሊሜትር አይበልጥም። ይህ ለ50 ሲካፈል 0.02 ሚሊሜትር ይሆናል። የተለመደው የቤት ፎይል ውፍረትም ከዚህ ትንሽ የሚያንስ ነው። "በልኩ ነዋ የተሠራው!" ብለው ሳቁ።

አሠራሩ ደረጃ በደረጃ

አንደኛ፣ ወረቀቱን ማዘጋጀት። ክፍሎቹን ከመቁረጣችን በፊት ወረቀቱን በአኳራጅ ባቀጠንነው ቫርኒሽ በሁለቱም በኩል በስሱ እንቀባለን። በአንድ በኩል ብቻ ከሆነ ይንሻፈፋል። ኮላ የሚያርፍባቸውን የማጣበቂያ ጠርዞች ግን ሳንቀባ እንተዋቸዋለን፤ ቫርኒሽ የጠጣ ወረቀት ነጭ ኮላ አይዝምና። አንድ ቀን ሙሉ ካደረቅነው በኋላ ቁጥሩ 600 በሆነ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ አድርገን እናለሰልሰዋለን። ጣት ሲዳብሰው ምንም የማይነካው እስኪሆን ድረስ መድገም ነው።

ሁለተኛ፣ ፎይሉን መምረጥ። ፎይል አንዱ ፊቱ ብሩህ፣ ሌላው ደብዛዛ ነው። ምክንያቱም በፋብሪካ በመጨረሻው መዳመጥ ላይ ሁለት ሉሆች ተደርበው ስለሚያልፉ፣ ብረቱን ማሽን የነካው ፊት ሲያበራ እርስ በርስ የተነካካው ይደበዝዛል። ይህ ለእኛ ሁለት ዓይነት ቁሳቁስ በነጻ እንደማግኘት ነው። አዲስ ለሚመስለው ሉህ ብሩሁን፣ ላረጀው ደብዛዛውን ወደ ውጭ እናደርጋለን። ለትናንሽ ክፍሎች ደግሞ ከወረቀት ጋር ተጣብቆ የሚመጣው የማስቲካ መጠቅለያ በጣም ይመቻል።

ሦስተኛ፣ መለጠፍ። ነጭ ኮላ ውሃ ስላለው በፎይሉና በቫርኒሹ መሐል ታፍኖ አይደርቅም። ስለዚህ ጫማ ሰፊዎች የሚጠቀሙበትን ማስቲሽ በካርቶን ጠርዝ በጣም አሳስተን እንቀባለን። እጅ ላይ መጣበቁን እስኪተው ጠብቀን ፎይሉን ከአንድ ጠርዝ ጀምረን እናሳርፋለን፤ ከዚያም ከመሐል ወደ ዳር በጥጥ እናሻሻለን። ከባዱ ስሕተት ችኮላ ነው፤ ማስቲሹ ጓል ካለው ፎይሉ ያሳብቅበታል። እንደ ቱቦ የሚጠቀለለው የመሐል ገላ ገና ዝርግ ወረቀት ሳለ ቢለበጥ ይሻላል። እንደ አፍንጫና የሞተር ሽፋን ያሉት ድቡልቡል ክፍሎች ግን ከተያያዙ በኋላ በቀጫጭን ቁራጮች አንድ በአንድ ይለበጣሉ። የሚፈጠረውን ሽብሽብ በማንኪያ እጀታ ቀስ አድርጎ ማሸት ያጠፋዋል።

አራተኛ፣ አንድ ወጥ አለማድረግ። ፎይልን አተኩረን ስናየው ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱ ስስ ጭረቶች አሉት። መላውን ክንፍ በአንድ ቁራጭ ከመሸፈን ይልቅ በእውነተኛዋ አውሮፕላን ሉሆች ልክ እየቆረጥን፣ የአንዱን ጭረት ወደ ጎን የሌላውን ወደ ላይ ብናደርግ ያለ ምንም ቀለም የሁለቱ መልክ ይለያያል። እዚህ ላይ ስዕል ብቻ ሳይሆን ብርሃን ራሱ ይሠራልናል።

ደብዘዝ ያለ ሉህ ሲያስፈልግስ? እናቶች መልሱን ያውቁታል። ውሃ ሲፈላበት የሚውል የአልሙኒየም ድስት ውስጡ ይጠቁራል፤ ሎሚ ወይም ቲማቲም ሲነካው መልሶ ይነጻል። ፎይልንም ከእንቁላል ጋር ውሃ ውስጥ ብንቀቅለው መልኩ ደብዘዝ ይላል። ቁራጮችን ለተለያየ ጊዜ ቀቅሎ ማስቀመጥ ነው። በሞተሩ ጭስ ማውጫ ዙሪያ ደግሞ የ2ቢ እርሳስ ዱቄት በጥጥ ማሸት ይበቃል።

አምስተኛ፣ መስመሮች። ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶና በማስመሪያ የሉሆቹን ወሰን በስሱ እናሰምራለን። የሚስማር ጥርሶችን ግን አንድ በአንድ ለማሳየት አንሞክር። ከ50 ጊዜ ያነሰችን ሞዴል በ1 ሜትር ርቀት ማየት እውነተኛዋን ከ50 ሜትር እንደማየት ነው። ከ50 ሜትር የማይታይ ነገር ሞዴሉም ላይ መታየት የለበትም።

ስድስተኛ፣ የተቆረጠ ጠርዝ። ከሁሉ በላይ ወረቀትነትን የሚያጋልጠው ነጩ ጠርዝ ነው። ከማጣበቃችን በፊት እያንዳንዱን ጠርዝ በግራጫ እርሳስ እናጥቁረው። ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ልዩነቱ ግን የሰማይና የምድር ነው።

ሰባተኛ፣ ብረት ያልሆነውን መለየት። በክንፎቹና በጭራው የፊት ጠርዝ ላይ ያለው በረዶ ማራገፊያ ጎማ ደብዛዛ ጥቁር ነው። ከአብራሪዎቹ መስኮት ፊት ለፊት ያለውም ቦታ ነጸብራቁ ዓይናቸውን እንዳይወጋ የማያንጸባርቅ ቀለም ይቀባል። በሸራ ለተለበዱት ክፍሎችስ? እዚህ ላይ ሁላችንም ሳቅን። ያ የጣልነው ሲልቨር ቀለም በአኳራጅ ቀጥኖ፣ በተለሰነ ወረቀት ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ሲቀባ ልክ የተቀባ ሸራ ይመስላል። እውነተኛውም ሸራ የአልሙኒየም ብናኝ የተቀባ አይደል! ጥፋቱ የቀለሙ አልነበረም፤ ያለ ቦታው ማዋላችን እንጂ።

ለወላጆች አንዲት ቃል እናክል። ማስቲሽና አኳራጅ ሽታቸው ይጎዳል፤ በእሳትም ይያያዛሉ። መስኮት ተከፍቶ፣ ከምድጃ ርቆ ይሠራ። ምላጭ የሚይዙ ትንንሾች ካሉ ትልቅ ሰው አጠገባቸው ይቀመጥ። ፎይል ደግሞ አዲስ ጥቅል መግዛት ሳያስፈልግ ከማዕድ ቤት የተረፈውንና ያልተጨማደደውን መጠቀም ይቻላል፤ ኢስራፍ የሚያስከትል ሥራ አይደለም።

ሁለተኛዋ አውሮፕላን

ልጁ የመጀመሪያዋን አላዳናትም። ከአልጋ ሥር አውጥቶ ለመለኪያ ተጠቀመባትና ሌላ ጀመረ። በዚህኛው ዙር ግን ብቻውን አልነበረም። አያቱ አጠገቡ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ዓይናቸው ያላየውን ጣታቸው ያይ ነበር። "እዚህ ጋ ጓል አለ፣ ድገመው" ይሉታል። እሱም "እሺ አባባ" ብሎ ይደግማል። በመሐሉ የትኛው ሉህ ቶሎ ቶሎ ይቀየር እንደነበር፣ ከየትኛው ማኮብኮቢያ ጠጠር ተነሥቶ የክንፍ ሆድ ይመታ እንደነበር ይነግሩታል። ልጁ እንዳለን ከሆነ ይህን ሁሉ ከዚያ በፊት ሰምቶ አያውቅም፤ የጠየቃቸውም አልነበረም።

ያ ሙያ ዛሬ መልኩን ቀይሯል። እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ አገራችን የገባው ቦይንግ 787 ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ከካርቦን ጭረትና ከማጣበቂያ የተደራረበ ነው። ይህ ደግሞ ቢወለወል አያበራም፤ መቀባት አለበት። አውሮፕላኖቹን ሳይቀባ በማብረር የታወቀው አሜሪካን ኤርላይንስ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2013 ያንን ልማዱን ትቶ ወደ ቀለም ዞሯል። ስለዚህ የሚያብለጨልጨውን ገላ በእጃቸው የዳሰሱ ሰዎች ባሉበት ዘመን ጠይቆ መያዝ ተገቢ ነው እንላለን።

አውሮፕላኗ ያለቀች ዕለት እኛም ተጠርተን ነበር። ሽማግሌው ወደ መስኮቱ ይዘዋት ሄዱና ቀስ አድርገው አዞሯት። ሉሆቹ ተራ በተራ በሩና ጠቆሩ። "ታምራለች" የሚሉ መስሎን ጠበቅን። እሳቸው ግን በግራ ክንፏ ላይ አንድ ሉህ በጣታቸው ነክተው "ይቺ ተቀይራለች" አሉ።

እውነታቸውን ነው። እዚያ ቦታ ላይ ፎይሉ ተቀዶ ልጁ ሌሊት በአዲስ ቁራጭ ተክቶት ነበር፤ ለማንም አልተናገረም። ሲደነግጥ አይተው "ምን ያስደነግጥሃል ልጄ? የሠራች አውሮፕላን ማለት እንዲህ ናት" አሉት።

በሚቀጥለው ወር በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ፣ ኢንሻአላህ፣ ቸር ሰንብቱ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ።